ቧንቧው ሲበላሽ ለማን ይነገራል?

ከወር በፊት ልጄ የሥነ ዜጋ ፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጥያቄው «ሦስት የዜጋ ግዴታዎችን ጥቀሱ» ይላል። አንደኛ «ሕግ ማክበር» ብላለች፤ ራይት። ሁለተኛ «ግብር መክፈል»፤ ራይት። ሦስተኛው ላይ «የተበላሸ ነገር ስናይ ለሚመለከተው ሰው መናገር» ብላ ጽፋለች። እሱ ላይ ቀይ ኤክስ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ ግዴታ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ኤክስ ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሄጄ መምህሯን አናገርኳት። ጥሩ ሰው ናት፣ ልጆቹም ይወዷታል። ወረቀቱን አየችና «መልሷ ትክክል ነው» አለችኝ። «ግን መጽሐፉ ላይ የተዘረዘረው ሌላ ነው። የእሷን ከተቀበልኩ ነገ ሌላው ልጅ የመሰለውን ጽፎ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

አልተናደድኩባትም። የምታርመውን የወረቀት ክምር ጠረጴዛዋ ላይ አይቼዋለሁ። የመልስ ቁልፉንም እሷ አላወጣችውም። ግን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ልጄ ከጻፈቻቸው ሦስት መልሶች ውስጥ ከራሷ ኑሮ የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ግብር ከፍላ አታውቅም። ሕግ ማክበር ስትል የትኛውን ሕግ ብዬ ብጠይቃት ግራ ይገባታል። የተበላሸ ነገር ግን አይታለች፤ የትምህርት ቤታቸው ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከተበላሸ ቆይቷል። ለሰው መናገር ፈልጋለች፣ ለማን እንደሚነገር ግን አታውቅም። ኤክስ የሆነባት ያችው መልስ ናት።

እኛም የተማርነው እንደዚሁ ነበር። «የመንግሥት አካላት ስንት ናቸው?» «ሦስት!» «እነማን ናቸው?» «ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አንዱንም አልስትም። ግን ትልቅ ሰው ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዳይ ይዤ አንድ የመንግሥት ቢሮ ስሄድ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ «አይሆንም» ሲለኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ለምን እንደማይሆን በጽሑፍ ይሰጠኝ ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር። ቅሬታ የሚቀበል ክፍል እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ እንዳለም አላውቅም። ይግባኝ የሚለውን ቃል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እኔም ይግባኝ ማለት እንደምችል ግን ማንም አልነገረኝም። ከወራት በኋላ ወረፋ ላይ አጠገቤ የቆመች፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አይቻት የማላውቅ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። አሥር ዓመት ያልተማርኩትን እሷ በአምስት ደቂቃ አስተማረችኝ።

ይህን ስል ሽምደዳው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ፓርላማ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ፓርላማውን ሊጠይቅ አይችልም። አይ.ኢ.ኤ. የተባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 በ38 አገሮች ከ140 ሺህ በላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ የሥነ ዜጋ ትምህርት ጥናት አድርጎ ነበር። ስለ መንግሥት አሠራር የበለጠ የሚያውቁ ልጆች «ሳድግ ድምፅ እሰጣለሁ» የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ እውቀቱ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ቀጣይ ዙር የታየው ግን ሌላ ነገርም አለ። የበለጠ የሚያውቁት ልጆች ለመምረጥ ዝግጁ ቢሆኑም፣ ፓርቲ ውስጥ ገብቶ መሥራት ወይም ራሳቸው መወዳደር ላይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ኋላ ይላሉ። ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። በደንብ ያስተማርናቸው ልጆች ወንበሩን ለሌላ ሰው ትተው ከዳር ቆመው ሊያዩ ነው ማለት ነው።

እነዚሁ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ሦስተኛ ነገርም አለ። ተማሪው ሐሳቡን ያለ ፍርሃት የሚናገርበት፣ መምህሩም ከእሱ የተለየ ሐሳብ ሲመጣ ፊቱን የማያጠቁርበት ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች እውቀታቸውም ተሳትፏቸውም የተሻለ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ነገሩ ያለው ክፍሉ አየር ውስጥም ጭምር ነው። መጽሐፉ ብቻውን አይሠራውም።

እስቲ ክፍሉን እንየው። ሕጉን ማን ያወጣል? መምህሩ። ማን ያስፈጽማል? መምህሩ። ሲጣስ ማን ይፈርዳል? አሁንም መምህሩ። ሦስቱም ሥልጣን አንድ እጅ ላይ ባለበት ክፍል ቁጭ ብለው ነው ልጆቻችን ስለ ሥልጣን ክፍፍል ማስታወሻ የሚገለብጡት። ክፍል ውስጥ ፓርላማ ይቋቋም አልልም። አርባና ሃምሳ ልጅ ይዞ ማስተማር ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፣ አንድ ሰው መምራት አለበት። ግን ልጅ ስለ መንግሥት የሚማረው ሥነ ዜጋ በሚባለው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። ያለ ጥፋቱ ሲቀጣና «እኔ አይደለሁም» ሲል የሚሰማው ከኖረ፣ ያኔ ስለ ፍርድ ይማራል። የሚሰማው ካጣም ይማራል፤ የሚማረው ግን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ለልጅ የመጀመሪያው መንግሥቱ ነው። ደንብ አለው፣ ሹም አለው፣ ቅጣት አለው፣ ማኅተም አለው።

የክፍል አለቃ ምርጫ ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ብዙ ቦታ አለቃ የሚሆነው ደረጃ የወጣው ልጅ ነው፣ አለዚያም ቁመቱ ረዘም ያለው። መምህሩ «እሱ ይሁን?» ይላል፣ ክፍሉ «ይሁን!» ይላል። ሥራውስ? መምህሩ ሲወጣ የሚረብሹትን ልጆች ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ። እኔም አንድ ዓመት አለቃ ነበርኩ። የማልወዳትን ልጅ ስም አንድም ቃል ሳትናገር ጽፌባት ተቀጥታለች። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ማንም «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አላለኝም። በዘጠኝ ዓመቴ ስለ ሹመት የተማርኩት ይህንን ነው፤ አለቃ ማለት ወደ ላይ የሚያሳብቅ፣ ወደ ታች የሚያስፈራ ሰው ነው።

በሌላ መንገድም ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ ከፍ ባሉት ክፍሎች ተማሪዎቹ ሁለት ተወካዮች በምስጢር ድምፅ ይመርጣሉ። ተወካዮቹ መምህራኑና የወላጆች ተወካዮች ስለ ክፍሉ በሚመክሩበት ስብሰባ ላይ ወንበር አላቸው። ከዚያ በፊት ጓደኞቻቸውን «ምን እንበልላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሲመለሱም የተባለውን ይነግሯቸዋል። የሚቀመጡበት ስብሰባ ትልቅ ውሳኔ ላይወስን ይችላል። ግን ያ ልጅ ወኪል ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ቃል ከታች ወደ ላይ ይወስዳል፣ መልስ ይዞ ይመለሳል። የስም ጻፊነት ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው አለ። ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል፣ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋርሶ ከተማ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ይመራ ነበር። እዚያ የልጆች ፍርድ ቤት አቋቋመ። ዳኞቹ አምስት ልጆች ናቸው፣ በዕጣ ይወጣሉ፤ በዚያ ሳምንት ክስ የሌለበት ልጅ ብቻ ነው ዕጣ ውስጥ የሚገባው። የተበደለ ልጅ ሁሉ መክሰስ ይችላል። አዋቂም ይከሰሳል፤ መምህሩም፣ ራሱ ኮርቻክም። የፍርድ ቤቱ ደንብ ብዙ አንቀጾች ነበሩት፣ የመጀመሪያዎቹ ግን ይቅር ለማለት የተጻፉ ናቸው፤ አብዛኛውም ክስ የሚያልቀው በይቅርታ ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ ኮርቻክ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን በራሱ ከሶ እዚያ ችሎት ቀርቧል። አንዱ ልጅ በመምታቱ ነው፣ አንዱ ደግሞ አንዲትን ልጅ ሌባ ናት ብሎ በመጠርጠሩ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህንን ስንሰማ ቆም ማለት አለብን። እዚያ ማሳደጊያ ውስጥ ንጉሡ ይከሰስ ነበር። ከሳሹ የስምንት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ሰማዩም አልወደቀም። ኮርቻክ አላነሰም፣ ልጆቹም አልናቁትም። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ልጆቹን ትሬብሊንካ ወደተባለው የሞት ካምፕ ሲያግዟቸው፣ ራሱን የማዳን ዕድል እያለው ጥሏቸው አልሄደም። አብሯቸው ሄዶ አብሯቸው ሞተ። ለእኔ የሥነ ዜጋ መምህር ማለት እሱ ነው።

መምህራን ለምን እንደሚፈሩ ይገባኛል። ስለ መንግሥት ማስተማር ማለት ስለ ፖለቲካ ማውራት ነው፣ ፖለቲካ ደግሞ ያነካካል። አንዱን ሐሳብ ካነሱ ወላጅ ይመጣል፣ ሌላውን ካነሱ አለቃ ይጠራል። ስለዚህ ይሻላል የሚባለው ትርጉም ማስገልበጥ ነው፤ «ዴሞክራሲ ማለት…» ነጥብ፣ አዲስ መስመር። ልጆቹ ቤታቸው የሚሰሙት ክርክር፣ ስልክ ላይ የሚያዩት ስድብ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሰልፍ ግን ክፍሉ በር ላይ ይቀራል። ስለ እሱ የሚያስተምራቸው ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። በጣም የሚጮኸው ሰው ያስተምራቸዋል።

ጀርመኖች ይህ ጣጣ ገጥሟቸው ነበር። ትምህርት ቤት የአንድ ፓርቲ መሣሪያ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቦይተልስባኽ በተባለች ትንሽ ከተማ የፖለቲካ ትምህርት ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። በሐሳብ የተከፋፈሉ፣ ግራውም ቀኙም ያለበት ስብሰባ ነው። ከዚያ የወጣው ስምምነት ዛሬም ይሠራበታል። ሐሳቡ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ መምህሩ ተማሪውን በራሱ አቋም አያጥለቅልቀውም፣ ማለትም ልጁ የራሱን ፍርድ ከመስጠቱ በፊት አፉን አያስይዘውም። ምሁራንና ፖለቲከኞች የሚከራከሩበት ነገር ክፍል ውስጥም እንደ ክርክር ይቀርባል፣ ያለቀለት እውነት ተደርጎ አይነገርም። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው፤ ተማሪው አንድን ጉዳይ አይቶ «ይህ እኔን እንዴት ይነካኛል፣ ምንስ ማድረግ እችላለሁ?» ብሎ መመርመር መቻል አለበት።

ልብ በሉ፣ ይህ ስምምነት መምህሩን ዝም በል አይለውም። ክርክሩን አምጣው ነው የሚለው፣ ሁለቱንም ወገን ይዘህ ና። ፍርሃትን የሚቀንሰውም እሱ ይመስለኛል። ወላጅ ተቆጥቶ ቢመጣ መምህሩ «የእርስዎም ሐሳብ ተነሥቷል፣ የጎረቤትዎም ተነሥቷል» ማለት ይችላል። መምህራንን ደፋር ሁኑ ማለት ብቻ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚደገፉበት እንዲህ ያለ መርህ ያስፈልጋቸዋል፣ ከኋላቸው የሚቆም ዳይሬክተርም።

ግዴታ ወደሚለው ቃል ልመለስ። መጻሕፍቱ ግዴታን ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ መታዘዝን ነው የሚያስተምሩት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ተማሪዎች ሁሉ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ታዝዞ ነበር። የይሖዋ ምሥክሮች የሆኑ ልጆች ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብለው እምቢ ሲሉ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1940 በተመሳሳይ ጉዳይ ለትምህርት ቤቱ ፈርዶ ነበር። በ1943 ግን ራሱን ሽሮ ለልጆቹ ፈረደ፤ አገሪቱ በዓለም ጦርነት መሐል እያለች፣ የአገር ፍቅር ስሜት ጣሪያ በነካበት ጊዜ። ይህ ታሪክ ባንዲራን ስለ መጥላት አይደለም። አንድ ተቋም ተሳስቼ ነበር ብሎ መመለስ እንደሚችል ነው የሚያሳየው፣ ያስመለሱትም እምቢ ያሉ ልጆች መሆናቸውን። ይህንን ለተማሪ መንገር የአገር ፍቅሩን የሚቀንስበት አይመስለኝም። እንዲያውም የእኔ የሚለው አገር የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሌላ በኩል ግዴታ የእጅ ሥራም ነው። ጃፓን ውስጥ ተማሪዎች ክፍላቸውንና ኮሪደራቸውን በተራ ራሳቸው ይጠርጋሉ። እንደ ቅጣት አይታይም፤ መምህራንም አብረው ያጸዳሉ። ክፍሉ የጋራችን ነው ብሎ በቃል ከማስጠናት መጥረጊያ ማስያዝ ይቀላል።

ልጆችን ማዳመጥ እኮ ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ላይ፣ ልጅ እሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። ልጁ ያለው ሁሉ ይፈጸም አይልም። ይሰማ ነው የሚለው። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህንን ለማድረግ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው «በዚህ ሳምንት ምን ቸገረን?» ቢሉ፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ቢይዝ፣ የባለፈው ሳምንት ምን ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር በቂ ነው። የሚበዛው ጥያቄ የኳስና የመቀመጫ ይሆናል። ይሁን። ስለ ኳስ ተከራክሮ መሸነፍን የለመደ ልጅ ነገ ምርጫ ሲሸነፍ ድንጋይ አያነሳም።

እኛ ወላጆችስ? «ዝም አይነቅዝም» እያልን ነው የምናሳድጋቸው። ልጄ ቧንቧውን ባነሳችብኝ ቁጥር «አንቺ ምን አገባሽ፣ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ» ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ። ከመምህሯ በፊት ኤክስ ያደረግኩባት እኔ ነኝ።

ያን ቀን መምህሯን ስናወራ ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እስቲ እንሞክረው» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት የሥነ ዜጋው ክፍለ ጊዜ ላይ መጽሐፉን አስዘግታ «የግቢው ቧንቧ ተበላሽቷል፣ ለማን ነው የሚነገረው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ልጄ ማታ እየተጣደፈች ነው የነገረችኝ። አንዱ ለዘበኛው አለ። አንዷ ለዳይሬክተሩ። አንዱ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ «የሰበርነው እኮ እኛው ነን፣ ተንጠልጥለንበት» አለ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ክርክር ሆነ። እኛ ከሰበርነው መጠየቅ እንችላለን ወይስ አንችልም? ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቧንቧው እንዲሠራ ይጠይቃሉ፣ የሰበሩትም ተማሪዎች መሆናቸውን ያምናሉ፣ ከእንግዲህ በእረፍት ሰዓት በተራ እንጠብቀዋለን ይላሉ። «እናምናለን» የሚለው ይግባ አይግባ በድምፅ ነው የተወሰነው። በአራት ድምፅ ልዩነት ገባ።

ዳይሬክተሩ ክፍላቸው ድረስ መጡ። ደብዳቤውን አንብበው እንዳመሰገኗቸው፣ ግን ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከበላይ ቢሮ ተጠይቆ እንደሚመጣ፣ ጊዜ እንደሚወስድ ነገሯቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ስንት ሳምንት ይፈጃል?» ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰቡና «ሦስት» አሉ። መምህሯ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀኑን ጻፈችው።

ዛሬ ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ቀኑ አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ። ሰሌዳ የሚያጠፉት ልጆች ዙሪያውን እየዞሩ ነው አሉ የሚያጠፉት።